ጌራሲም የቁም ተዝካሩን ያወጣበት ቅዳሜ

የእህቴ ባል ጌራሲም የቁም ተዝካሩን ባወጣበት ቅዳሜ እኔ ብቻዬን አሥራ አንድ ጥቅል በላሁ። ጥቅል የምለው በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን የአሳማ ሥጋ ነው፤ እህቴ ፓራስኪቫ ስትሠራው ጎረቤቱ ሁሉ ሽታው እየጎተተው ይመጣል። ዛሬ ያለ ኀፍረት የማወራው ሰውየው ደህና ስለሆነ ነው። ያን ቀን ግን እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ነበር የምጎርሰው። ሆድ ሐዘን አያውቅም።

ከጌራሲም ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጋቢና ተቀምጠናል። ፒቴሽት አጠገብ ካለው ፋብሪካ የኑክሌር ነዳጅ እንጭንና ዳንዩብ ዳር ላለው የኃይል ማመንጫ እናደርሳለን። ነዳጅ ሲባል ቤንዚን የሚመስለው ሰው አይታጣም፤ አማቴ እስከ ዛሬ "ለትራክተሩ ትንሽ ቀንሳችሁ አታመጡም?" ትለኛለች። ነገሩ ዩራኒየም ነው። እንደ ክኒን ይጠፈጠፍና በቀጭን የብረት ቱቦ ይታሸጋል፤ ቱቦዎቹ ደግሞ እንደ ችቦ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ገና ማመንጫው ውስጥ ገብቶ ስላልሠራ ጨረሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቢሆንም ወረቀቱ፣ ማኅተሙ፣ ቢጫ ምልክቱ፣ ከፊትና ከኋላ የሚያጅበው መኪና መከራ ያበላል። በሰዓት ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። የሌላ ጭነት ሾፌሮች "ቀብር አጃቢዎች" ይሉናል።

ጌራሲም ለደንብ የተፈጠረ ሰው ነው። ጋቢና ውስጥ መብላት ክልክል ነው ተብሎ ስለተጻፈ እስከ ዛሬ አንዲት ቁራሽ አልቀመሰበትም። እኔ የሱፍ ፍሬ በኪሴ ይዤ በድብቅ ስቆረጥም፣ በስቅለት ዕለት ሥጋ ስበላ የያዘኝ ይመስል ያፈጥብኛል። በራሱ መኪና እንኳ ከስልሳ አያልፍም። በሰርጉ ቀን በስልሳ እየነዳ ቤተ ክርስቲያን ከሙሽራዋ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ፤ ፓራስኪቫ አበባውን ፊቱ ላይ ወረወረችበት። ልጅ አልወለዱም፤ ይህን ያዙልኝ።

በዚህ ነገር እሱን የሚስተካከል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ ወይዘሮ ሌዎንቲና። ከዋና ከተማው፣ ከኑክሌር ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚመጡ መርማሪ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግን መኪናችን ሥር ተንበርክከው ጭነቱ የታሰረበትን ቀበቶ አንድ በአንድ ይጎትታሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእኛ ዘንድ አንዲት ብርጭቆ ውኃ አልጠጡም። ዳቦአቸውንና ሻያቸውን ከቤታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። አንዴ ከጓሮዬ የለቀምኩትን ፕሪም ዘረጋሁላቸው።

"ሴቨር፣" አሉኝ፣ "ዛሬ ፕሪምህን ከበላሁ ነገ የላላ ማሰሪያህን በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?"

ፕሪሙን ራሴ በላሁት።

ሁላችንም ደረታችን ላይ የምናንጠለጥላት ትንሽ ባጅ አለች። ሰውነታችን ያገኘውን ጨረር እሷ ትይዛለች፤ በየሦስት ወሩ ላቦራቶሪ ሄዳ ትነበባለች። ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ እንሰቅላታለን። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጫኝ ተሳስቶ የጌራሲምን ባጅ አድርጎ ዋለ። ወይዘሮ ሌዎንቲና ከመዝገቡ ደረሱበትና ጌራሲምን በሰው ፊት ጠርተው፣ "አቶ ጌራሲም፣ ይህች ባጅ የእርስዎ ናት። ከእርስዎ እንዳትለይ!" አሉት። ለእሱ እርስዎ ነው የሚሉት፤ ለእኔ አንተ። ጌራሲም እስከ ጆሮው ቀላ። ስንወጣ "ሁለተኛ አይለመደኝም" አለኝ፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ባለፈው ሚያዝያ የሦስት ወሩ ውጤት መጣ። የእኔ ዜሮ። የጌራሲም አሥራ ስድስት ሚሊሲቨርት። በዓመት ከሃያ ማለፍ ክልክል ነው፤ እሱ ደግሞ እስከዚያ ድረስ እንደ እኔው ዜሮ በዜሮ የነበረ ሰው ነው።

በማግስቱ ወይዘሮ ሌዎንቲና ከተፍ አሉ። መኪናው እንዳይንቀሳቀስ አዘዙ። ጋቢናውን ለኩ፣ ወንበሩን ለኩ፣ መጫኛውን ለኩ፣ ሣጥኖቹን አስከፍተው ችቦዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ሁሉም እንደ ወትሮው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከአቶ ጌራሲም ጋር አብረህ ነው የምትሄደው?"

"ትከሻ ለትከሻ።"

"ማሰሪያውን በየማረፊያው ማነው የሚፈትሸው?"

"እሱ ነው። እኔ እስከዚያ አጨሳለሁ።"

"እሱንም እመዘግበዋለሁ" አሉና መዘገቡት።

ጌራሲምን ሐኪም አየው፣ ደሙ ተመረመረ፤ ደህና ነው ተባለ። ወይዘሮ ሌዎንቲናም አስቀምጠው በእርጋታ ነገሩት። ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው እንጂ ሰው የሚጥል አይደለም፤ ግን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መሪ አይጨብጡም፣ መኪናውም ከግቢ አይወጣም አሉት። እሱ ግን ጆሮው ተደፍኖ ነበር። ግቢው ውስጥ ጎማ ላይ ተቀመጠና፣ "አባቴ ጠራኝ" አለኝ።

አባቱ አናኒያ የወታደር አውሮፕላን ጠጋኝ ነበር። ከገና በኋላ ሞተ። ቀብረነው ስንመለስ ጌራሲም ከአባቱ ቤት ይዞ የወጣው አንድ አሮጌ የአውሮፕላን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌላውን ዘመድ ተቀራመተው።

"እሱ ከሞተ ወዲህ ነው እኮ ሴቨር። እስከ ገና ንጹሕ ነበርኩ። አባቴ ብቻውን መቆየት አይችልም፣ ታውቀዋለህ።"

"አባትህ በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን ስልክ ደውሎልህ አያውቅም፣ አሁን ሞቶ ነው የሚጠራህ?"

"አትቀልድ።"

"ደምህ ደህና ነው ብለውሃል!"

"ለሚሞት ሰው እውነቱን ማን ይነግረዋል?"

እኔ ራሴ ማታ ማታ ባጄን እያሰብኩ ደረቴን መዳበስ ጀምሬ ነበር። እሱ እህል መቅመስ ተወ፤ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳ። ፓራስኪቫ ትመጣና ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሳደብ እንጂ ስታለቅስ አላውቃትም፤ ያ ነው አንጀቴን የበላው።

እኛ ዘንድ ወግ አለ። ከሞተ በኋላ የሚደግስለት የሌለው ወይም ዘመዶቹን የማያምን ሰው ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል። ጌራሲም ቅዳሜን ቆረጠ።

"ልጅ የለኝም፤ ፓራስኪቫ ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች?" አለኝ።

"እኔ የለሁም እንዴ? እኔ አወጣልሃለሁ።"

"አንተማ ትበላዋለህ።"

እንግዲህ ቅዳሜ ደረሰ። የፕሪም ዛፎቹ አበባ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ። ቄስ ዞሲማ መጡ፣ መንደሩ መጣ። በስኳርና በለውዝ የታሸው የስንዴ ንፍሮ መሐል ላይ መስቀል ተሠርቶበት ተቀመጠ። ጌራሲም በሰርጉ ሱፍ ልብስ (ሰፍቶት ነበር) ቆሞ ለነፍሱ የሚመጸውተውን ያድላል፤ ባልዲ፣ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ወንበር፣ ድስት። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ፎጣና ሻማ ታስሮበታል። ተቀባዩ ሻማውን ይዞ "እግዜር ይቀበልልህ" ማለት አለበት፤ ይህን ቃል ካላለ ምጽዋቱ ከግቢው አይወጣም ይባላል። ለእኔ ደህናውን ቦት ጫማውን ሰጠኝ።

"አርባ አራት ቁጥር ነው እኮ፤ የእኔ አርባ ሁለት ነው" አልኩት እየተንሰቀሰቅሁ።

"ሁለት ካልሲ አድርግበት።"

"እግዜር ይቀበልልህ" አልኩ፤ ከዚያ ነው ወደ ጥቅሉ የሄድኩት።

ሰባተኛው ላይ ስደርስ የወይዘሮ ሌዎንቲና መኪና በሩ ላይ ቆመ። ጌራሲም ይቅርታ ሊጠይቃቸው ስለፈለገ ጠርቷቸው ነበር፤ ይመጣሉ ብሎ ግን ማንም አላሰበም። ልብሳቸው ጥቁር ነው፤ እጃቸው ላይ የምናውቃት የመለኪያ ሻንጣ አለች። ፓራስኪቫ ወንበር ብትስብላቸው አልተቀመጡም። ሳህን ብትሰጣቸው አልተቀበሉም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔም በሆዴ "ምን ዓይነት ድንጋይ ናቸው? ሰው ተዝካር ላይ ሻንጣ ይዞ ይመጣል?" አልኩ።

"አቶ ጌራሲም፣" አሉ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ሳስብ ነው የከረምኩት። መኪናው ንጹሕ ነው። ጓደኛዎም ንጹሕ ነው። የቀረኝ ቤቱ ነው። ባጅዎ ማታ የት ነው የምታድረው?"

ጌራሲም ግር አለው። "ቤት ነዋ።"

"ሰሌዳው ላይ አይደለም?"

"እንዴ! ከእርስዎ እንዳትለይ ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሌሊት ተለይታኝ አታውቅም።"

አምስት ዓመት ሙሉ! እኔ ቀድሜው እወጣለሁ፣ አላየሁም። በረኛው ያይ ነበር፤ ጌራሲም የሚያደርገው ሁሉ ደንብ ነው ብሎ ስለሚያምን አንድ ቀን አልጠየቀውም። ወይዘሮ ሌዎንቲና ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ።

"ቤት ውስጥስ የት?"

ይህን የመለሰችው ፓራስኪቫ ናት፤ ያውም በኩራት። "የቅዱስ ኒኮላስ ሥዕል ሥር ነው የማሳድራት። ከበሶብላው ጋር። ከጨረር የምትጠብቀው እሷ አይደለች? እኔም ለቅዱሱ አደራ እሰጣታለሁ።"

እህቴ ባጇን እንደ ክታብ ነው የያዘቻት። የምትለካ እንጂ የምትከላከል እንዳልሆነች ማናችንም ነግረናት አናውቅም፤ ማን ይነግራታል?

ወይዘሮ ሌዎንቲና ጓንታቸውን አጥልቀው፣ መለኪያውን ከሻንጣ አውጥተው ወደ ቤት ገቡ። ጌራሲም፣ ፓራስኪቫ፣ ቄስ ዞሲማና እኔ ተከተልን፤ ሌላው መንደርተኛ መስኮቱ ላይ ተከመረ። መለኪያው በሩ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አልጋው ዘንድ ሄዱ፤ እዚያም ጠቅ፣ ጠቅ። ወደ ሥዕሉ ሲጠጉ ድምፁ ፈጠነ፤ መደርደሪያው ዘንድ ሲደርሱ እንደሚቆላ ቆሎ ተንጣጣ። ፓራስኪቫ አማተበች።

መደርደሪያው ጠባብ ነው። ቅዱስ ኒኮላስ መሐል ላይ ነው፤ በሶብላው በግራው፤ በቀኙ የአናኒያ የአውሮፕላን ሰዓት። ባጇ ደግሞ ቦታ ስላጣች የሰዓቱን መስታወት ተደግፋ ነው የምታድረው። ወይዘሮ ሌዎንቲና ሰዓቱን አንስተው ጥግ አደረጉት። መደርደሪያው ዝም አለ። ወደ ሰዓቱ ሲጠጉ ተንጣጣ። ሲርቁ ዝም።

"ይህ ሰዓት እዚህ የመጣው መቼ ነው?"

"ጥር ላይ። የአባቴ ነው።"

"ቁጥሮቹ ላይ ያለው ቀለም ራዲየም ነው። ድሮ በጨለማ እንዲያበሩ ይቀቧቸው ነበር።"

"አያበራም እኮ!" አለ ጌራሲም። "አባቴ ወጣት ሳለ ያበራ ነበር ይላል። አሁን ግን ሞቷል።"

"የሞተው ብርሃኑ ነው። እንዲያበራ ያደረገው ራዲየም ግን ሁላችንንም ቀብሮ ይኖራል።" ከዚያ ወይዘሮ ሌዎንቲና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታችን ወንበር ላይ ተቀመጡ። "አቶ ጌራሲም፣ ይስሙኝ። አሥራ ስድስቱን የተቀበለችው ባጇ ናት፤ እርስዎ አይደሉም። ባጇ በየሌሊቱ ሰዓቱን ታቅፋ ስታድር፣ እርስዎ እዚያ ማዶ አልጋዎ ላይ ተኝተዋል። አልጋውን ለክቼዋለሁ፤ ምንም የለም።"

"ምን ማለት ነው?"

"አይሞቱም ማለት ነው። ማለቴ፣ ይሞታሉ፤ ግን እንደ ማንም ሰው ተራዎ ሲደርስ።"

ፓራስኪቫ በእጇ የነበረውን ፎጣ አጥፋ ባሏን ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ ጭንቅላቱን ትወቃው ጀመር። "አንተ የደንብ ሎሌ! አንተ የደንብ ሎሌ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ገደልከኝ!" ስትል፣ ወዲያው ደግሞ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ሰዓቱ ላይ ያስደገፍኳት" እያለች ተነፋረቀች። ጌራሲም መሬት ላይ ተዘረፈጠ። በፎጣው እየተመታ ይስቅ ነበር፣ እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ የፕሪም አረቄ ጠርሙሱን ይዤ የቄስ ዞሲማን ጢም ስስም ነበር ይሉኛል። ደስታ እንደዚህ ከባድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

"አባ፣ እንግዲህ ተዝካሩ ምን ይሁን?" ብሎ አንዱ በመስኮት ጠየቀ።

"ጸሎቱ ደርሷል፤ ወደ ኋላ አይመለስም" አሉ ቄስ ዞሲማ ጢማቸውን እየጠረጉ። "ይቀመጥለታል።"

"ቦት ጫማዬስ?" አለ ጌራሲም ከመሬት ቀና ብሎ።

"ይቀመጥልሃል፣ እኔ እግር ላይ" አልኩት። የተመጸወተ አይመለስም።

ወይዘሮ ሌዎንቲና ግን ሥራቸውን አልጨረሱም። ቤት ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ወረቀታቸውን ዘርግተው ጻፉ፤ ጽፈውም ጮክ ብለው አነበቡለት። ባጅ ከግቢ ማውጣት ክልክል መሆኑ፣ ሾፌሩ ይህን መጣሱ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ፣ "ስሕተቱ የተነሣው ከአምስት ዓመት በፊት እኔ፣ መርማሪዋ፣ በግልጽ ካልነገርኩት ትእዛዝ ነው" የሚል ተጽፏል።

"ይህንስ መጻፍ አልነበረብዎትም" አለ ጌራሲም።

"እርስዎን ጽፌ ራሴን ልተው?"

ከዚያ ወደ ሰዓቱ አዩ፤ ጌራሲምም አያያቸውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"እሱን አልሰጥም" አለ። እስከዚያ ቀን ለመርማሪ እምቢ ሲል ሰምቼው አላውቅም። "ከአባቴ የቀረኝ ሌላ ምንም የለም። አንድ ደግ ቃል እንኳ አልተወልኝም፤ ይህን ሰዓት ብቻ ነው የተወልኝ።"

"አውቃለሁ። ግን ራዲየም ቤትዎ ውስጥ ትቼ መሄድ አልችልም። ነገ ቢወድቅና መስታወቱ ቢሰበር ዱቄቱን ይተነፍሱታል፤ ያኔ ፍርሃትዎ እውነት ይሆናል።"

ማንም አልገፋውም፤ ወይዘሮ ሌዎንቲናም ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁት። ጌራሲም ሰዓቱን አንሥቶ ግቢው ውስጥ ወዳለው ረጅም ጠረጴዛ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው። ያልታደለ አንድ ፎጣ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱን በዚያ ጠቀለለው፣ ሻማ አሰረበት፣ ወደ እሳቸው ዘረጋው።

"ለአባቴ ለአናኒያ ነፍስ" አለ።

ፕሪም እንኳ የማይቀበሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውም ወጉን ያውቃሉ፤ አገራቸው ነው። ዝም ብለው ቢወስዱት የተወረሰ ዕቃ ይሆናል። ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ተመለከቱ።

"ጓንቴን ማውለቅ አልችልም" አሉ ቀስ ብለው።

"ግድ የለም፤ አባቴ ያውቃል" አለ ጌራሲም።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። "እግዜር ይቀበልልህ" አሉ። አንተ አሉት፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔም አሥረኛውን ጥቅል አስቀመጥኩ።

ከመኪናቸው ውስጡ በእርሳስ ብረት የተለበጠ ሣጥን አወጡ፤ ቢጫ ምልክት ለጠፉበት። ሣጥኑ ላይ ለኩ፣ አንድ ሜትር ርቀው ለኩ፣ የራሳቸው የሾፌር ወንበር ላይ ለኩ። ሜትሩን የያዘላቸው ጌራሲም ነው። የማጓጓዣ ወረቀቱን ሞሉ፤ ላኪ፣ ጌራሲም ቭላስቻኑ። ጭነት፣ ራዲየም ያለበት አንድ ሰዓት፤ ሰዓቱን የነኩ አንድ ፎጣና አንድ ሻማ። ፈረመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑ የታሰረበትን ቀበቶ ጎተተና፣ "ወይዘሮ ሌዎንቲና፣ ይህ ላልቷል" አላቸው። አጠበቀላቸው። ዓይናቸውን አበሱና ነፋሱ ነው አሉ፤ ነፋስ አልነበረም። ሲወጡ መንገዱ ዳር መኪናቸውን አቁመው የራሳቸውን ዳቦ ሲገምጡ አየኋቸው።

ከአራት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ተስተካክሎ መኪናችን ወጣ። ጌራሲም አሁን ባጁን በር ላይ ይሰቅልና ሰቅያታለሁ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሌላ ሰዓት አልገዛም፤ ሰዓት ሲፈልግ እኔን ይጠይቀኛል። በመጀመሪያው ቀን የዳንዩብን መንገድ ይዘን በስልሳ እንሄዳለን፤ ከኋላችን ሰባት ስምንት መኪና ተሰልፎ ጥሩንባውን ያምባርቃል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። እኔ በሁለት ካልሲ እግሬን በቦት ጫማው ውስጥ ዘርግቼ፣ "ኧረ ትንሽ ርገጠው፣ ዝናብ ሊይዘን ነው!" አልኩት።

ጌራሲም ወደ ኋላ በመስታወቱ አየና ፈገግ አለ።

"ምን ያስቸኩለኛል?" አለ። "ተዝካሬን እንደሆነ በልቼዋለሁ።"